ከሁሉ የሚያምረው አገር የቱ ነው?

ውድ ታዳሚዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በተፈጥሮ ውበቱ ከዓለም አንደኛው አገር የቱ ነው? ሰዎች በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ቁጭ ብዬ ብሰማ አይሰለቸኝም። አንዱ ስዊዘርላንድ ይላል። ሌላው ኒውዚላንድ። ሦስተኛው ደግሞ ኖርዌይን ሳታዩ አታውሩ ይላል። ዛሬ እኔም እዚሁ ክርክር ውስጥ ልገባ ነው። ተራራውንም ባሕሩንም ሁሉንም ካነሳን ግን አንወጣውምና ይበልጡን የማወራው ስለ ፏፏቴ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከረጅሙ እንጀምር። ቬንዙዌላ ውስጥ ኤንጀል የሚባል ፏፏቴ አለ። ከፍታው 979 ሜትር ነው። አናቱ እንደ ጠረጴዛ ከተስተካከለ ተራራ ላይ ይወረወራል። ዝናቡ ሲጠፋና ውሃው ሲሳሳ መሬት እንኳ አይደርስም፤ አየር ላይ ጉም ሆኖ ይበተናል። ስሙን ያገኘው ጂሚ ኤንጀል ከሚባል አሜሪካዊ አብራሪ ነው። ሰውየው በ1937 እዚያው ተራራ አናት ላይ አውሮፕላኑን አሳረፈ፤ አውሮፕላኑም ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ከባለቤቱና ከሁለት ሰዎች ጋር 11 ቀን በእግሩ ተጉዞ ወረደ። የአካባቢው የፔሞን ሕዝብ ግን ከእሱ በፊትም ኬሬፓኩፓይ ሜሩ ይለው ነበር። ከጥልቁ ስፍራ የሚወርድ ፏፏቴ ማለት ነው። እኔ ይሄኛውን ስም እመርጣለሁ።

በቁመት ከሆነ እንግዲህ ቬንዙዌላ አሸነፈች። በስፋት ከሆነስ? የዛምቢያና የዚምባብዌ ድንበር ላይ ያለው ቪክቶሪያ ፏፏቴ ወርዱ 1,708 ሜትር ነው፤ ቁመቱ 108። ስኮትላንዳዊው አሳሽ ሊቪንግስተን በ1855 አይቶት በእንግሊዟ ንግሥት በቪክቶሪያ ስም ጠራው። የአገሩ ሰው ግን ሞሲ ኦአ ቱንያ ይለዋል፤ የሚያገሣው ጭስ እንደ ማለት ነው። ይህን ስም መጀመሪያ ስሰማ ደነገጥኩ። እኛስ ጢስ ዓባይ ብለን የለ! ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሕዝቦች ውሃ ሲወድቅ አዩና ሁለቱም ጭስ አሉት።

ሚያዝያ አካባቢ ወንዙ ሲሞላ ጭሱ ከ400 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ይወጣል። ጫፉ ላይ የቆመ ሰው በጠራራ ፀሐይ ይበሰብሳል። ጆሮው በግሣቱ ይሞላል። ፏፏቴውን ራሱን ግን በደንብ አያየውም፤ ፊቱ ነጭ ግድግዳ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ብትሄዱ ደግሞ በዛምቢያ በኩል አብዛኛው ገደል ደርቆ ጥቁር ድንጋዩ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ አንድ ሰው ይሄ አገር ከዚያኛው ይበልጣል ሲላችሁ፣ መቼ ነበር የሄድከው ብላችሁ ጠይቁት።

ኢጉዋሱ ሌላ ፈተና ነው። ወደ 275 የሚሆኑ ፏፏቴዎች በአርጀንቲናና በብራዚል ድንበር ላይ ተደርድረዋል። አብዛኞቹ በአርጀንቲና በኩል ናቸው። ሁሉንም ባንድ ዓይን ለማየት የሚመቸው ግን ብራዚል በኩል ቆሞ ነው። ታዲያ ውበቱን ለማን እንመዝግበው? ውሃው ድንበሩን አያውቀውም።

ውሃ የሌለው አገርስ? ናሚቢያን አስቧት። የናሚብ በረሃ ከዓለም በረሃዎች ሁሉ በዕድሜ ትልቁ እንደሆነ ይነገራል። ባሕሩ ዳር ላይ ነው ያለው፣ ዝናብ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ቀዝቃዛው የባሕር ጅረት የሚሰጠው ጉም ብቻ ነው። ጎህ ሳይቀድ አንዲት ጥቁር ጥንዚዛ ቀዩን የአሸዋ ክምር ትወጣለች። ጫፉ ላይ ስትደርስ ፊቷን ወደ ነፋሱ ታዞራለች። ከዚያ ጭንቅላቷን ዝቅ፣ ኋላዋን ከፍ አድርጋ ትቆማለች። ጉሙ ጀርባዋ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ይጠራቀማል። ጠብታው ተንሸራቶ አፏ ይገባል። ጠጥታ ትወርዳለች። እኔ ከዚህች ጥንዚዛና ከ979 ሜትሩ ፏፏቴ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ጭንቅ ነው የሚይዘኝ።

እንግዲህ በቁመትም በስፋትም በብዛትም ማወዳደር ብዙ አላስኬደንም። እኔ አንድ ሌላ መለኪያ አለኝ። አገሩ የተሰጠውን ውበት ምን አደረገው? እዚህ ላይ አገሮች በእርግጥ ይበላለጣሉ።

በዚያው በብራዚል፣ በፓራጓይ ድንበር ላይ፣ ሴቴ ኬዳስ የሚባል ፏፏቴ ነበር። ሰባቱ ፏፏቴዎች ማለት ነው። በውሃው ብዛት ከዓለም ታላላቆቹ አንዱ ነበር። በፓራና ወንዝ ላይ የኢታይፑ ግድብ ሲሠራ ይህ ፏፏቴ እንደሚሰጥም ታወቀ። ሰው ሊሰናበተው ከየቦታው ጎረፈ። በጥር 1982 ከተንጠልጣይ ድልድዮቹ አንዱ ተበጥሶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። ጥቅምት ላይ ግድቡ ተዘጋ። ሐይቁ የሞላው በ14 ቀን ነው። ስንት ሺህ ዓመት ያገሣ ውሃ በሁለት ሳምንት ዝም አለ። ግድቡ ለሚሊዮኖች መብራት ሰጥቷል፤ ይህን አልክድም፣ መብራት ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ያንን ጸጥታ ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

አሁን አይስላንድ እንሂድ። ጉልፎስ ቁመቱ 32 ሜትር ብቻ ነው። በሁለት እርከን ይወርዳል፤ መጀመሪያ 11፣ ቀጥሎ 21። በቁመት ቢወዳደር ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የውጭ ባለሀብቶች ለኤሌክትሪክ ፈለጉት፤ በኪራይም ተያዘ። ሲግሪዱር ቶማስዶቲር የምትባል እዚያው አጠገብ ያደገች የገበሬ ልጅ ግን አይሆንም አለች። ጉዳዩን ለመከታተል እስከ ዋና ከተማዋ ሬይክያቪክ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሯ ትመላለስ ነበር። ሥራው ከተጀመረ ፏፏቴው ውስጥ ራሴን እጥላለሁ ብላ ዝታለች ይባላል። ጠበቃዋ ስቬን ብየርንሶን ኋላ ላይ በ1944 የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ፍርድ ቤት አልቀናትም። ኪራዩ ግን ሳይከፈል ቀረና ውሉ ፈረሰ። ፏፏቴው ዛሬም ይወርዳል። አጠገቡ የሲግሪዱር ፊት የተቀረጸበት ድንጋይ ቆሟል።

ለዚህ ነው አንደኛ የቱ ነው ብትሉኝ 32 ሜትሩን የምጠራላችሁ።

ቡታንም በሕገ መንግሥቷ ከመሬቷ 60 በመቶው ምንጊዜም ደን ሆኖ እንዲቆይ ጽፋለች። ታይላንድ ደግሞ ማያ የሚባለውን የባሕር ወሽመጥ በሰኔ 2018 ዘጋችው። በቀን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይወርድበት ስለነበር ኮራሉ፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ መሰል ነገር፣ ተሰባብሮ አልቆ ነበር። ለጥቂት ወራት የተባለው መዘጋት እስከ ጥር 2022 ቆየ። በዚያ ጊዜ ባለሙያዎች የመጥለቂያ ልብስ ለብሰው እየጠለቁ ኮራል ተከሉ። አሁን ጀልባ ወሽመጡ ውስጥ አይቆምም። በየዓመቱም ነሐሴና መስከረም ላይ ሰው አይገባም፤ ባሕሩ ያርፋል። ጠፍተው የነበሩት፣ ክንፋቸው ጫፉ ላይ ጥቁር የሆነው ትንንሽ ሻርኮች ተመልሰው፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ዳር ዳሩን ይዋኛሉ።

አመሰግናለሁ።