ከጣት እስከ ቴሌስኮፕ፦ ለልጆች ሰማይን ደረጃ በደረጃ ማስተማር

[ምስል፦ ጨለማ ሜዳ። አንድ ልጅ ክንዱን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያነጣጥራል።]

ልጁ ስለ ከዋክብት መጠየቅ ሲጀምር ብዙ ወላጅ ቴሌስኮፕ ለመግዛት ይሮጣል። የመጀመሪያው ምሽት ጨረቃ ትገኛለች። በሁለተኛው ምሽት ሌላ ነገር ሲፈለግ አልገኝ ይላል። በሦስተኛው ዕቃው ጥግ ይይዛል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ የቅደም ተከተሉ ነው። ቴሌስኮፕ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ሰማይ፣ ክንድ ተዘርግቶ ትንሿ ጣት ከምትሸፍነው ብዙም አይበልጥም። ሰማዩን በባዶ ዓይኑ የማያውቅ ልጅ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ሲያይ የት እንዳለ ሊያውቅ አይችልም።

ስለዚህ ቴሌስኮፑን መጨረሻ ላይ እናስቀምጠዋለን። መንገዱ ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ ላለ ልጅ ይሆናል፣ ወራትም ይፈጃል። ለትንንሾቹ በአንድ ምሽት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ልጁ «ትንሽ ልቆይ» እያለ መግባት፣ «ብርድ ነው እንግባ» እያለ ከመቆየት ይሻላል።

[ምስል፦ ከሰዓት በኋላ። ሰማያዊ ሰማይ ላይ ግማሽ ጨረቃ። የልጅ እጅ ነጭ ኳስ ይዞ ከጨረቃዋ አጠገብ።]

የመጀመሪያው ሥራ በቀን ነው። ጨረቃ ከታደሰች ከ5 እስከ 9 ቀን ባለው ጊዜ ከሰዓት በኋላ ውጡ። ልጁ ትንሽ ነጭ ኳስ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ክንዱን ዘርግቶ ጨረቃዋ አጠገብ ያድርገው። ኳሱ ላይ ፀሐይ ማረፍ አለበት፤ ጥላ ውስጥ ቆማችሁ ከሞከራችሁት አይሠራም። ወደ ፀሐይዋ ግን ዞሮ አይመልከት። አሁን ኳሱንና ጨረቃዋን እያፈራረቀ ይያቸው። ጨረቃዋ ግማሽ ከሆነች ኳሱም ግማሹ ብቻ በርቷል። ጨረቃዋ ሞላ ብላ ከሆነ ኳሱም ሞላ ብሏል። የብርሃኑ ጎን እንኳ አንድ ነው።

ይህች አንድ ደቂቃ የማትሞላ ሥራ ከረጅም ማብራሪያ ትበልጣለች። አብዛኛው ልጅ፣ አዋቂውም ጭምር፣ ጨረቃን የሚያጎድላት የምድር ጥላ ይመስለዋል። ኳሱ ላይ ግን የምድር ጥላ የለም። ያለው ፀሐይ ያላገኘው የኳሱ የራሱ ጎን ነው። የምድር ጥላ ጨረቃ ላይ የሚያርፈው በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ሙሉ ስትሆን። ይህን አትንገሩት። ኳሱን ይዞ እንዳለ «ጥላው የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁትና ጠብቁ።

[ምስል፦ ወረቀት ላይ በአምስት መስመር የተደረደሩ 30 ክቦች። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ በእርሳስ ጠቁረዋል።]

ከዚያ ደብተር ይከፈታል። በአንድ ገጽ 30 ክብ አስምሩ፤ ጨረቃ አንድ ዙሯን የምትጨርሰው በ29 ቀን ተኩል ነው። ልጁ በየቀኑ ያየውን ይስላል፣ ከሥሩም ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፋል። ደመና ከሆነ ክቡ ባዶ ይቀራል እንጂ በግምት አይሞላም። ልጆች ሲስሉ አንድ ስህተት ይደጋግማሉ፤ ክቡን የተነከሰ ያስመስሉታል። መፍትሔው ብርሃኑንና ጨለማውን የሚለየውን መስመር አስቀድሞ መሳል ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው? ወዴት ጎበጠ? የቀረውን ማጥቆር ቀላል ነው።

ብዙ ቤተሰብ ይህን ሥራ የሚያቋርጥበት ቀን ይታወቃል፤ ሙሉ ጨረቃ ካለፈ በኋላ ነው። ጨረቃ በአማካይ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ስለምትወጣ፣ በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ልጁ እስኪተኛ ድረስ አትወጣም፤ «ጠፋች» ይባላል። አልጠፋችም። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ጠዋት ፈልጓት፤ መጀመሪያ ከምዕራብ በኩል፣ እየቀጠነች ስትሄድ ደግሞ ወደ ምሥራቅ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በብዙ መጻሕፍት ላይ ቀጭኗ ጨረቃ ቀጥ ብላ ቆማ ትሳላለች። ከምድር ወገብ አቅራቢያ ስትታይ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ጀልባ ትጋደማለች፣ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ደግሞ የብርሃኑ ጎን ይገለበጣል። የልጁ ሥዕል ከመጽሐፉ ካልገጠመ ሥዕሉን አታርሙ። ትክክሉ እሱ ያየው ነው።

[ምስል፦ የተዘረጋ ክንድ። ትንሿ ጣት፣ ከዚያ ጭብጥ፣ ከዚያ ስንዝር ሰማይ ላይ።]

ቀጥሎ መለኪያ ያስፈልጋል። መለኪያው እጁ ላይ አለ። ክንድ ሙሉ ተዘርግቶ የትንሿ ጣት ውፍረት 1 ዲግሪ ገደማ ነው። ሦስቱ መካከለኛ ጣቶች አንድ ላይ 5፣ ጭብጥ 10፣ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት የተዘረጋ ስንዝር ደግሞ ከ20 በላይ። ልጁ እጁ ትንሽ ስለሆነ አይዛባበትም ወይ ትሉ ይሆናል፤ ክንዱም በዚያው ልክ አጭር ስለሆነ ልኬቱ ይጠበቃል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከአድማስ ጀምሮ ጭብጥ በጭብጥ ላይ እየደራረበ እስከ አናቱ ድረስ ይቁጠር። 9 አካባቢ መምጣት አለበት። 6 ወይም 7 ከሆነ ክርኑን አጥፏል፤ እጁ ወደ ዓይኑ ስለቀረበ ትልቅ ሆኗል ማለት ነው። 11 ወይም 12 ከሆነ አንዱ ጭብጥ የሌላውን ቦታ በከፊል ሸፍኗል። ሁለቴ ሦስቴ ካደረገው ይለምደዋል።

አሁን ጨረቃን ይለካት። ከአድማስ ስትወጣ ግዙፍ የምትመስለውን ሙሉ ጨረቃ በትንሿ ጣቱ ይሸፍናት፤ የጣቱን ግማሽ ያህል ብቻ ትይዛለች። ከሦስት ሰዓት በኋላ ከፍ ስትል ደግሞ ይድገመው። ያው ግማሽ ጣት ናት። ጨረቃዋ አላነሰችም፣ ያታለለው ዓይኑ ነው። ልጅ ይህን በገዛ ጣቱ ሲያረጋግጥ ፊቱ ላይ የሚታየውን ለማየት ብቻ ብትወጡም አያስቆጭም።

[ምስል፦ ቀይ ላስቲክ የተጠቀለለበት የእጅ ባትሪ።]

ወደ ከዋክብት ከመሄዳችን በፊት ስለ ጨለማ። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ የስልክ መብራት ከታየ ያ ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ብርሃን የግድ ካስፈለገ ባትሪው ላይ ቀይ ላስቲክ ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልሉ፤ በጨለማ የምናይባቸው የዓይን ሕዋሳት ቀይን እምብዛም አይሰሙትም። ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ። የሰማይ ካርታ የሚያሳዩ መተግበሪያዎች ጥሩ ናቸው፣ ግን ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ እዩዋቸው።

በመጀመሪያው ምሽት ልጁ ሁለት ነገር ብቻ ይወቅ። 88 ኅብረ ከዋክብት አሉና ሁሉንም ለማስተማር መሞከር ምንም እንዳይዝ ማድረግ ነው። መነሻው ኦሪዮን ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሰው በሚኖርበት የምድር ክፍል ሁሉ ይታያል፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ወራትም ምሽት ላይ ይገኛል። በአንድ መስመር የተሰለፉትን ሦስቱን የቀበቶ ከዋክብት ያግኝ። ከቀበቶው በአንድ ወገን ቀላ ያለችው ቤቴልጁዝ፣ በሌላው ወገን ነጣ ብላ ወደ ሰማያዊ የምታደላው ሪጀል አለች። ቀለማቸው እንደሚለይ አትንገሩት፤ «ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው?» በሉት። ቀይዋ ቀዝቀዝ ያለች፣ ሰማያዊዋ የጋለች ናት፤ ብረት ሲግል መጀመሪያ ቀልቶ ኋላ እንደሚነጣው።

ከዚያ ቀበቶው መንገድ ይሆነዋል። መስመሩን በአንድ ወገን ሁለት ጭብጥ ቢከተል ሲሪየስ ላይ ይደርሳል፤ ከሌሊቱ ከዋክብት ሁሉ ደማቋ ናት። በሌላው ወገን ሁለት ጭብጥ ገደማ ሲሄድ አልደባራን፣ ከዚያም አልፎ ሰባቱ ከዋክብት ተሰብስበው ይጠብቁታል። በባዶ ዓይን ስንት እንደሆኑ ይቁጠርና ቁጥሩን ይጻፍ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

እግረ መንገዱን ፕላኔቶችን ይለያል። ከዋክብት ይጠቅሳሉ፤ ፕላኔት ግን ረጋ ብሎ ይበራል። ምክንያቱም ኮከብ ከርቀቱ የተነሳ ነጥብ ስለሆነ አየሩ በቀላሉ ያንቀጠቅጠዋል፤ ፕላኔት ትንሽም ብትሆን ክብ ናት። አድማስ አጠገብ ሲሆኑ ግን ፕላኔቶችም ሊጠቅሱ ስለሚችሉ ከፍ እስኪሉ ጠብቁ።

[ምስል፦ የጣሪያ ጠርዝ። አንድ ኮከብ ወደ ጠርዙ ተጠግቶ በድንገት ይጠፋል። ከጎኑ ሰዓት።]

ከሁሉም የምንወደው ሥራ ይኸኛው ነው። ልጁ አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ጭንቅላቱን ግድግዳ ያስደግፍ። በምዕራብ በኩል አንድ ደማቅ ኮከብ ይምረጥና ከጣሪያ ጠርዝ ጀርባ የምትጠፋበትን ደቂቃ ይመዝግብ። በማግስቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው አቀማመጥ። ኮከቧ 4 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትጠፋለች። በሳምንቱ 28 ደቂቃ ገደማ ትቀድማለች። ምድር ፀሐይን ስትዞር በቀን 1 ዲግሪ ያህል ስለምትጓዝ ነው፤ በየወቅቱ የምናየው ሰማይ የሚለዋወጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ውጤቱ የተዘበራረቀ ከመጣ ጭንቅላቱ ያረፈበት ቦታ ተቀይሯል። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ።

[ምስል፦ ልጅ በጀርባው ተኝቶ በሩቅ መነጽር ሲያይ።]

የተወሰኑ ወራት እንዲህ ከተሠራ በኋላ በሁለት ዓይን የሚታይበት የሩቅ መነጽር፣ ባይኖኩላር፣ ይገባል። ላዩ ላይ 7×35 ወይም 8×40 የሚል ይሁን። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ከ10 እጥፍ በላይ የሆነ አትያዙ፤ የእጅ መንቀጥቀጡም አብሮ ይጎላል። ሌላው ችግር ዓይን ነው። የብዙዎቹ መነጽሮች ሁለት ቱቦ ከ56 ሚሊሜትር ገደማ በታች አይጠጋጋም፣ የትንሽ ልጅ ዓይኖች ግን ከዚያ የተቀራረቡ ሊሆኑ ይችላሉ። ልጁ «ሁለት ክብ ነው የማየው» ካለ ውሸት አይደለም፤ በአንዱ ቱቦ ብቻ ይይ።

መንቀጥቀጡን ለማቆም በጀርባ መተኛት፣ ወይም የመጥረጊያ እንጨት መሬት ላይ አቁሞ መነጽሩን ጫፉ ላይ ማሳረፍ። አሁን ወደ ሰባቱ ከዋክብት ይመለስ። በባዶ ዓይኑ 6 ቆጥሮ ከነበረ በመነጽር በርካታ ደርዘን ይሆኑበታል። ከኦሪዮን ቀበቶ ሥር ያለችውን ጉም መሰል ብርሃንም ይፈልግ። ከዋክብት የሚወለዱባት የጋዝና የአቧራ ደመና ናት፣ ከእኛ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች። ግራጫ ናት። ፎቶ ላይ ያለው ደማቅ ሮዝ ካሜራ ለረጅም ጊዜ የሰበሰበው ብርሃን ነው፤ ይህን ቀድማችሁ ካልነገራችሁት ያዝናል።

ማስጠንቀቂያ፦ በሩቅ መነጽርም ሆነ በቴሌስኮፕ ፀሐይን ማየት በቅጽበት ያሳውራል፣ ዓይን ውስጥ የሚቃጠለው ክፍልም ሕመም አይሰማውም። ፀሐይን ለማጥናት ካርቶን በመርፌ ብሱና ብርሃኑን ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉት፤ በ1 ሜትር ርቀት 9 ሚሊሜትር ያህል የሆነ የፀሐይ ምስል ታገኛላችሁ። ጀርባችሁ ወደ ፀሐይ ይሁን።

[ምስል፦ መሬት ላይ የተቀመጠ ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ፣ ከጎኑ ትንሽ ዱካ።]

ቴሌስኮፕ። ካርቶኑ ላይ «525 እጥፍ» የሚል ካያችሁ ተዉት። ሊጠቅም የሚችለው ከፍተኛ ማጉላት የሌንሱ ወይም የመስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ሲባዛ በ2 ነው፤ ባለ 60 ሚሊሜትሩ ከ120 አያልፍም። ከማጉላት ይልቅ የማይንቀጠቀጥ መቆሚያ ይበልጣል። መሬት ላይ የሚቀመጥ፣ 130 ወይም 150 ሚሊሜትር መስታወት ያለው ዶብሶኒያን ለልጅ ይመቻል። ማጉላቱ የቴሌስኮፑ የፎከስ ርዝመት (ሌንሱ ወይም መስታወቱ ብርሃኑን አንድ ነጥብ ላይ እስኪሰበስብ ያለው ርቀት፣ በሚሊሜትር) ሲካፈል ለዓይን ሌንሱ የፎከስ ርዝመት ነው፦ 1,200 ለ25 ሲካፈል 48 እጥፍ። ሁልጊዜ በዝቅተኛው ጀምሩ።

ከቴሌስኮፑ ጎን የተገጠመችውን መፈለጊያ፣ ትንሿን መነጽር፣ በቀን አስተካክሉ። ከፀሐይ ራቅ ያለ፣ ቢያንስ 500 ሜትር የሚርቅ ምሰሶ በዋናው ቴሌስኮፕ መሐል ላይ አምጡና የመፈለጊያዋን መስቀል በብሎኖቿ እዚያው ጫፍ ላይ አሳርፉ። «ምንም አይታይም» የሚባለው አብዛኛው ጊዜ ይህ ስላልተሠራ ነው። ማታ ደግሞ ከቤት የወጣ መስታወት ከውጭው አየር ጋር እስኪመጣጠን ግማሽ ሰዓት ስጡት፤ ያለዚያ ምስሉ ከፈላ ውኃ በላይ እንዳለ አየር ይርገበገባል።

የመጀመሪያዋ ዒላማ ግማሽ ጨረቃ ናት። ሙሉ ጨረቃ ላይ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታ ጥላ የለም፤ ግማሽ ስትሆን ግን በመስመሩ ዳር ያሉት ጉድጓዶችና ተራሮች በጥላቸው ይነሳሉ። በ48 እጥፍ አንድ ነገር በመሐል አልፎ ለመውጣት 4 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ምድር ስለምትዞር ነው። ልጆች ተሰልፈው ከሆነ ዒላማውን በሚገባበት ጠርዝ ላይ አድርጉት፣ ለሁለት ለሦስት ልጅ ይበቃል። የሚያየው ልጅ እጁን ወደ ኋላ ያጣምር፤ ሌንሱን ይዞ ካየ ያነቃንቀዋል። «አየኸው?» አትበሉ፤ እናንተን ለማስደሰት አዎ ይላችኋል። «ብርሃኑ በየት በኩል ነው?» በሉት።

[ምስል፦ ደብተር ላይ አንድ ክብ፣ በግራና በቀኙ በአንድ መስመር ነጥቦች። አምስት ምሽት፣ አምስት መስመር።]

ከዚያ ጁፒተር። በ48 እጥፍ ትንሽ ክብ ናት፣ በወገቧ ትይዩ የተሰለፉ ነጥቦች አሏት። ልጁ ክቡንና ነጥቦቹን ብቻ ይሳል፣ አምስት ምሽት። ነጥቦቹ አራቱ ትልልቅ ጨረቃዎቿ ናቸውና በየምሽቱ ቦታ ይቀያየራሉ። አዮ ዙሯን በ1.8 ቀን ስትጨርስ፣ ካሊስቶ 17 ቀን ያህል ይፈጅባታል። በአንዱ ምሽት ከአራቱ ሦስት ብቻ ሊያይ ይችላል፤ አንዷ ከጁፒተር ፊት ወይም ኋላ ሆና፣ ወይም ጥላዋ ውስጥ ገብታ ይሆናል። የት እንደሄደች አትንገሩት። ጋሊሊዮም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ቴሌስኮፑን ወደ ጁፒተር ሲያዞር ያየው ሦስት ነበር። አራተኛዋን ያገኛት ጃንዋሪ 13 ቀን፣ ደብተሩን ሳያቋርጥ ነው።