የደጀ ሰላሙን ዋርካ ሳይገነደስ ስለማቅለል

የተከበራችሁ የደብራችን አስተዳዳሪና ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ምእመናንና ምእመናት፤

ከደጀ ሰላሙ ውጭ የቆመውን ዋርካ እንድመረምር በጠየቃችሁኝ መሠረት፣ ዛሬ የምናገረው ስለዚያው ዛፍ ብቻ ነው። ከመካከላችሁ «ሰው ላይ ሳይወድቅ ከሥሩ ይገንደስ» የሚሉ አሉ፤ «የቤተ ክርስቲያን ዛፍ መጋዝ አይነካውም» የሚሉም አሉ። እኔ የማቀርበው ዛፉን ሳንጥል ማቅለልን ነው፤ ይህም የሚሳካው ማንም ሰው መጋዝ ከማንሣቱ በፊት ምን እንደሚቆረጥ ከተስማማን ብቻ ነው።

ዋርካው ወደ መንገዱ ማዘንበሉ ብቻውን አያስፈራም፤ አዘንብሎ አድጎ ዕድሜውን የሚጨርስ ዛፍ ብዙ ነው። የሚያስፈራው ካዘነበለበት በተቃራኒ በኩል መሬቱ መሰንጠቁና ማበጡ ነው፤ የአጥሩ መሠረት ሲቆፈር በዚያ በኩል የነበሩት ወፋፍራም ሥሮች ተቆርጠዋልና። ግንዱ ውስጡ ባዶ መሆኑ ብዙዎቻችሁን አሳስቧል፤ ሆኖም በዙሪያው የቀረው ጤነኛ እንጨት ከመሐል እስከ ቅርፊት ካለው ርቀት ሲሶ ያህል ውፍረት ካለው፣ ግንዱ አብዛኛውን ጊዜ ይሸከማል። የእኛ ችግር ሥሩ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ አፈሩ ይርሳል፣ ነፋሱም ይበረታል።

ነፋስ ዛፍን የሚጥለው አናቱን ገፍቶ ስለሆነ፣ ከጫፉ ጥቂት ሜትር መቀነስ ከታች ብዙ ቅርንጫፍ ከመመልመል ይልቅ ሥሩን ያሳርፋል። በየሰፈሩ የምናየው ግን ተቃራኒው ነው፤ የታችኛው ተመልምሎ ከላይ ጎፈሬ ብቻ ይቀራል። ቅርንጫፍን መሐሉ ላይ መጎመድም እንዲሁ ጎጂ ልማድ ነው። ዋርካ ቶሎ ስለሚያቆጠቁጥ ያገገመ ይመስላል፤ ነገር ግን ጉማጁ ይበሰብሳል፣ ከቅርፊቱ ሥር የበቀለው አዲስ ቅርንጫፍም ሲከብድ ይገነጠላል። ስለዚህ ረጅሙ ጫፍ የሚያጥረው፣ ውፍረቱ ቢያንስ የሚቆረጠውን ሲሶ የሚሆን የጎን ቅርንጫፍ እስካለበት ቦታ ድረስ ነው። በአንድ ጊዜም ከአናቱ ከሩብ በላይ እንዳይወሰድ እመክራለሁ።

ሥሩ በላላ ዛፍ ላይ ሰው ገመድ አስሮ አይወጣም። ቆራጩ በክሬን ቅርጫት ውስጥ ሆኖ፣ በመታጠቂያ ታስሮ፣ የራስ ቆብና መነጽር አድርጎ ይሥራ፤ የዋርካ ወተት ዓይን ያቃጥላል። ሥራው የሚጀመረው ካዘነበለበት ወገን ነው፤ ተቃራኒውን ወገን ቀድሞ ማቅለል ሚዛን የያዘለትን ክብደት መንሣት ነው። ቁራጮቹ ትናንሽ ይሁኑ፤ ትልቅ ቅርንጫፍ በገመድ አንጠልጥሎ ማውረድ ግንዱን በድንገት ይነቀንቃል። ቅርንጫፉ መጀመሪያ ከታች፣ ቀጥሎ ትንሽ ራቅ ብሎ ከላይ ይቆረጥና ከወደቀ በኋላ የቀረው ጉማጅ ከመጋጠሚያው እብጠት ወጣ ብሎ ይስተካከላል። ቁስሉ ቀለምም ሆነ ጭቃ አይቀባም።

በቅርንጫፎቹ መካከል የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መስመር በኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ባለሙያዎች ሳይቋረጥ ሥራው አይጀመርም። መብራት ጠፍቷል ማለት ሽቦው ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ የጠፋው መቼ እንደሚመጣ ማናችንም አናውቅም።

ሥራው ነፋስና ዝናብ በሌለበት፣ በዓል ባልሆነ ቀን፣ ሰኔ 12 የሚካኤል በዓል ሕዝቡን ከመሰብሰቡ በፊት ይጠናቀቅ። መንገዱ በሁለቱም ጫፍ ተዘግቶ ጠባቂ ይቁምበት፤ በጥላው ሥር የሚቀመጡት ነዳያንና ጧፍ ሻጮች አስቀድሞ ሌላ ቦታ ይሰጣቸው። ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ «ቁም!» ማለት ግን የሁሉም መብት ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ የቆራጩ ክፍያ በእንጨቱ አይሁን። በእንጨት የሚከፈለው ሰው ብዙ በቆረጠ ቁጥር ብዙ ያገኛል፤ የተስማማንበት ሩብም በአንድ ቀን ግማሽ ይሆናል። ክፍያው በገንዘብ ይሁን፣ እንጨቱም ለደብሩ ይቅር።

ከሥራው በኋላ የግንበኛ ቱምቢ ከግንዱ ላይ አንጠልጥለን፣ ጫፉ ያረፈበትን ቦታ በችካል ምልክት እናደርጋለን። መስከረም ላይ ደግመን እንለካለን። ቱምቢው ከችካሉ ርቆ ከተገኘ ሥሩ እየለቀቀ ነውና፣ ያን ጊዜ ዛፉ ይገንደስ የምል የመጀመሪያው ሰው እኔ እሆናለሁ።