ባሕር የዋጠው መሬት እንዴት ይጠናል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አድማጭ ከሰበታ፦ ድሮ ሰው የኖረበት መሬት ዛሬ ባሕር ስር ነው ሲባል እንሰማለን። መሬቱ ነው የሰመጠው ወይስ ውሃው ነው የመጣው?

በአብዛኛው ውሃው ነው የመጣው። የዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ላይ የተከመረው በረዶ ብዙ ውሃ ይዞ ስለነበር፣ ባሕሩ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ያኔ ከእንግሊዝ ወደ ሆላንድ በእግር ይኬዳል። በእኛ በኩል ግን ባብ ኤል መንደብ ጨርሶ አልደረቀም፤ በሐኒሽ ደሴቶች በኩል ያለው ከፍ ያለ ወለል እንኳ 137 ሜትር ያህል ጥልቀት ስላለው ጠባብ የውሃ መስመር ቀርቶ ነበር። ይህን 120 ሜትር ወስዶ በየዳርቻው መለጠፍ ደግሞ ያሳስታል። በረዶ ተጭኖት የነበረው የስዊድን መሬት ሸክሙ ሲነሳለት ከፍ እያለ ስለመጣ፣ የድሮው የባሕር ዳርቻ ዛሬ ከ280 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኝበት ቦታ አለ።

አድማጭ ከለገጣፎ (የቅየሳ ባለሙያ)፦ ጥልቅ ባሕር ቢከብድ ይገባኛል። ሦስት ሜትር ውሃ ምኑ ይከብዳል?

ከጥልቁ ይልቅ የሚያስቸግረው እንዲያውም ይሄኛው ነው። ከባሕሩ ወለል በታች ያለውን ንብርብር የሚያሳየው መሣሪያ ድምፅ ወደ ታች ልኮ የገደል ማሚቶውን ይቀዳል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 3 ሜትር ወርዶ ለመመለስ 4 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል። ችግሩ ድምፁ በዚያ አለማብቃቱ ነው። ከውሃው ገጽ ነጥሮ እንደገና ይወርድና በ8 ሚሊሰከንድ ይመለሳል፤ መሣሪያውም ከወለሉ 3 ሜትር በታች ሌላ ንብርብር ያለ ያስመስለዋል። እውነተኛው የተቀበረ የወንዝ መስመር በዚህ ሐሰተኛ መስመር ይሸፈናል። መለያው ቀላል ነው፦ ወለሉ አንድ ሜትር ሲወርድ መስመሩ ሁለት ሜትር ከወረደ ሐሰተኛ ነው።

መድኃኒቱ ባሕሩ በሚሞላበት ሰዓት መሥራት ነው። ውሃው 2 ሜትር ሲጨምር ሐሰተኛው መስመርም ከወለሉ ሌላ 2 ሜትር ይርቃል። ቀይ ባሕር ላይ ግን ሙላትና ጉድለቱ ትንሽ ስለሆነ ይህ ዘዴ ብዙ አያስኬድም።

መሣሪያው ከጀልባው ጎን በማይነቃነቅ ምሰሶ ይታሰራል፤ የሞተሩ አረፋ ድምፁን ስለሚያፍነው ከሞተሩ ይራቅ። የጂፒኤሱ አንቴና እዚያው ምሰሶ አናት ላይ ይሁን፤ ሦስት ሜትር ራቅ ብሎ ከተተከለ ካርታው ሁሉ በዚያው ልክ ይዛነፋል። የጀልባው ፍጥነት በሰዓት ከ7 ኪሎ ሜትር አይብለጥ። ጀልባው የሚመላለስባቸውን መስመሮች ከ10 እስከ 20 ሜትር አራርቆ ሄዶ ጥቂት አቋራጭ መስመሮችን መጨመር ያስፈልጋል፤ አቋራጮቹ ላይ ጥልቀቱ ካልገጠመ ለባሕሩ ሙላትና ጉድለት የተደረገው ማስተካከያ ተሳስቷል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን በምንም አይታለፍም፤ እሱም ጋዝ ነው። የበሰበሰ እፅዋት የሚያወጣው ሚቴን ጭቃው ውስጥ ሲጠራቀም ከሥሩ ያለው ሁሉ ከመሣሪያው እይታ ይጠፋል። የሚያናድደው ደግሞ ጋዙ የሚመጣው በብርቱ ከምንፈልገው፣ ከተቀበረው ረግረግ መሆኑ ነው።

አድማጭ ከቡራዩ (የግንባታ ሠራተኛ)፦ ከሥር ያለውን ጭቃ ለማውጣት የግድ ትልቅ ማሽን ያስፈልጋል?

ጥልቀት በሌለው ውሃ አያስፈልግም። ኮንክሪት የምታጠብቁበት ቫይብሬተር ይበቃል። 7.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ቱቦ ይቆምና የቫይብሬተሩ ራስ ጎኑ ላይ በብረት ማሰሪያ ይታሰራል፤ ቱቦው እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል። ከመንቀሉ በፊት ከቱቦው አፍ ጀምሮ በውስጥም በውጭም እስከ ጭቃው ያለውን ርቀት ይለኩ። ልዩነቱ ጭቃው ምን ያህል እንደተጠቀጠቀ ይናገራል፤ ይህ ከተረሳ በኋላ የሚጻፈው ጥልቀት ሁሉ ግምት ይሆናል። ከዚያ ቱቦው በውሃ ተሞልቶ ይደፈናል፤ አየር ካልገባ ጭቃው አይንሸራተትም። በሰንሰለት ማንሻ ሲወጣ የላይኛው ጫፍ ወዲያው ምልክት ይደረግበት፤ ናሙናው በረዶ ሳይሆን በ4 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጥ።

ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ጥቁሩ የረግረግ ንብርብርና ከላዩ ያለው የባሕር ጭቃ የሚገናኙበት ድንበር ነው። ቀስ በቀስ ከተለወጠ ባሕሩ ረግቶ ገብቷል፤ ዕቃም ቢኖር በቦታው ሊገኝ ይችላል። በቢላ የተቆረጠ ከመሰለ ሞገዱ የላይኛውን ጠርጎ ወስዷል፤ ከዚያ የሚወሰደው ዕድሜ መሬቱ ከሰጠመበት ጊዜ የቀደመ ይሆናል። ሰው የት ኖረ ከማለት በፊት ሞገድ የት አልደረሰም ብሎ መጠየቅ የሚሻለው ለዚህ ነው። ለዕድሜ ልኬት ከዛጎል ይልቅ የዛፍ ፍሬ ቅርፊትና ቀንበጥ ይመረጣሉ፤ የባሕር ዛጎል በአማካይ 400 ዓመት ያህል አርጅቶ ይታያል፣ የትልቅ ዛፍ ግንድም ውስጡ ከተቆረጠበት ዘመን ይቀድማል።

አድማጭ ከአቃቂ፦ መልካ ቁንጥሬ ሄደን ሰው የሠራቸውን ድንጋዮች አይተናል። ባሕር ውስጥ ያለው ድንጋይ ሞገድ የሰበረው አለመሆኑ በምን ይታወቃል?

በአንድ ድንጋይ አይታወቅም። ሞገድ ድንጋይን ከየአቅጣጫው ይመታና ጠርዙን ያዶለዱማል። ሰው ግን ከአንድ ጠፍጣፋ ገጽ እየመታ ስንጥሮችን በተከታታይ ያነሳል፤ ከምቱ ሥርም ትንሽ እብጠት ይቀራል። ይህ በብዙ ድንጋዮች ላይ ሲደጋገም፣ ይልቁንም ድንጋዩ የአካባቢው ካልሆነ፣ ክርክሩ ይቀላል። አውስትራሊያ ውስጥ ሙሩጁጋ ላይ ጠላቂዎች 269 ያህል የድንጋይ መሣሪያዎች አግኝተው እ.ኤ.አ. በ2020 ሲያሳውቁ፣ ውሃው እስከ 2.4 ሜትር ብቻ ነበር። በእንግሊዝ ቦልድኖር ገደል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 በ11 ሜትር ጥልቀት የ8,000 ዓመት መሣሪያዎችን ያጋለጠው ጉድጓዱን ሲጠርግ የተገኘ ሎብስተር ነው። እንጨት ከተገኘ ግን አይድረቅ፤ በሰዓታት ውስጥ ይሰነጣጠቃል።

አድማጭ ከሱሉልታ፦ ባሕር የለንም። በሐይቆቻችንስ ይሠራል?

መሣሪያው ይሠራል፤ አቅጣጫው ግን ይገለበጣል። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ ከበረዶው ዘመን በኋላ በመጣው ዝናባማ ጊዜ አንድ ሐይቅ ሆነው ነበር፤ ከፍታውም ከዛሬው ዝዋይ 30 ሜትር ያህል በልጦ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን ዳርቻ የሚፈለገው የብስ ላይ ነው። ጀልባ ከመከራየትዎ በፊት የቡልቡላ ወንዝ የቆረጠውን ገደል ይመልከቱ፤ የሐይቅ ጭቃና የየብስ አፈር እየተፈራረቁ ይታያሉ። የተሠራ ድንጋይ ካዩ ሳያነሱ ፎቶና የጂፒኤስ ነጥብ ይያዙና ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቁ።