ጎማው ፓራውልቱን ሲነካ፦ ፕላስቲኩን በእጃችን እንዴት እንቆርጣለን?

[ምስል፦ ባሕር ዳር፣ ጠዋት። ግቢ ውስጥ የቆመ ሃይሉክስ። መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ተጠምዟል።]

ሰላም ቤተሰብ። መጀመሪያ ይሄን ድምፅ ስሙት።

[ድምፅ፦ ጎማ ፕላስቲክ ሲፍቅ]

ጎማው ፓራውልቱን እየነካ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ጎማ ቀይረናል። የድሮው መጠኑ 265/65 አር 17 ነበር፣ አሁን የገባው 265/70 አር 17 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ስታሰሉት የጎማው ቁመት ከ776 ወደ 803 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ከመሐሉ ወደ ዳር ሲለካ በየአቅጣጫው 13 ሚሊ ጨምሯል ማለት ነው፣ መሪ ስትጠመዝዙ ደግሞ ያቺ 13 ሚሊ በቀጥታ የፓራውልቱን የታችኛውን ጥግ ታገኘዋለች።

አስፋልት ላይ ቀጥ ብላችሁ ስትነዱ ላይሰማችሁ ይችላል። ከአስፋልት ወርዳችሁ ወደ ጣና ዳር ስትገቡ ነው ጉዱ የሚመጣው። ኮረኮንቹ ላይ ሞላው ሲጨመቅ ጎማው ወደ ላይ ይገባና ጥግዋን ይይዛታል፤ ጭቃ ካለ ደግሞ ይባስ ነው፣ ፓራውልቱን ከነክሊፑ ሊነቅለው ይችላል።

[ምስል፦ ፓራውልቱ ወርዶ ሸራ ላይ ተገልብጦ]

ከውጭ የምናየው ሽፋን ብቻ ነው። ከኋላው ግጭት የሚያለዝብ ስፖንጅ መሳይ ነገር አለ፣ ከዚያ ኋላ ብረቱ። እኛ የምንነካው ሽፋኑን ብቻ ነው። ብረቱ ሲጋጩ የሚያድናችሁ ነው፤ ያሰመራችሁት መስመር ብረቱ ጋ ከደረሰ መስመሩን አጥፉና እንደገና አስምሩ። ከታች ያለውን አየር ወደ ራዲያተር የሚመራውንም ፕላስቲክ ተዉት፣ በሚያዝያ ሙቀት ሞተሩ ይፈልገዋል።

ከማውረዳችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። የፓውዛው ሽቦ እዚያው ነው፣ የኤርባግ ሴንሰርም ፊት ለፊት ስለሚቀመጥ በዘፈቀደ አትንቀሉ።

እስቲ ወደ ውስጥ ቀረብ በሉ። እዚህ ጋ የታተመች ጽሑፍ አለች፣ ፒፒ ትላለች። ፖሊፕሮፒሊን ማለት ነው፣ ከጎኑ ኢፒዲኤም ካለ ጎማነት ያለው ነገር ተቀላቅሎበታል። ይሄ ፕላስቲክ 160 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። በደቂቃ 11,000 ጊዜ ገደማ የሚሽከረከር ግራይንደር ስታስጠጉበት አይቆረጥም፣ ይቀልጣል፤ የቀለጠው ከኋላ ተመልሶ ይጣበቃል፣ ቀለሙም አብሮ ይላጣል። እኔ ሴጌቶ፣ የብረት መጋዝ፣ ነው የምጠቀመው። በእጅ፣ ቀስ ብሎ። ሞቅ ሲል ቆም በሉ።

[ምስል፦ በወረቀት ፕላስተር ላይ የተሰመረ መስመር፣ በጣም ቀርቦ]

ፕላስተሩን ለጥፉና በላዩ ላይ አስምሩ፤ መስመሩም በደንብ ይታያል፣ ቀለሙም አይላጥም። ምን ያህል? ጎማው ከነካበት ምልክት ሁለት ሳንቲ ሜትር አልፋችሁ። መጀመሪያ ግን የዚያን ግማሽ ብቻ ቁረጡ። የተቆረጠ ፕላስቲክ አይመለስም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ጥጉ። መስመሩ በሚታጠፍበት ቦታ መጀመሪያ በ8 ሚሊ ድሪል ብሱ፣ ከዚያ ሴጌቶው ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ይቁም። እኔ የመጀመሪያው መኪናዬ ላይ ይሄን አላውቅም ነበር። ጥጉን ቀጥ አድርጌ እንደ ካርቶን ቆረጥኩት፣ ያምር ነበር። ሁለት ሳምንት አልቆየም፤ ንዝረቱ ከዚያች ሹል ጥግ ስንጥቅ አስነሳና እስከ ፓውዛው ቀዳዳ ሄደ። አዲስ መግዛት ነበረብኝ፣ በጣም ነው የቆጨኝ። ክብ የሆነ ጥግ ጫናውን ይበትነዋል፣ ሹል ጥግ ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰበስበዋል።

[ምስል፦ ብርጭቆ ወረቀት ጠርዙ ላይ ሲሄድ]

ጠርዙን በሊማ አስተካክሉ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው፦ ቁጥር 80፣ 180፣ 320። በጣታችሁ ስትዳስሱት የሚቧጭር ነገር መኖር የለበትም። ለጠርዙ ማልበሻ ላስቲክ ካጣችሁ ቀጭን የውሃ ቱቦ በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ አልብሱት፣ በደንብ ይይዛል። የጎማ ቤቱን የውስጥ ሽፋንም አጥፋችሁ መልሳችሁ እሰሩት፤ ክፍት ከተተወ ጭቃው በቀጥታ ሽቦ ላይ ነው የሚረጨው።

እባካችሁ ፍርፋሪውን ሰብስቡ። ሸራ ያነጠፍኩት ለዚህ ነው። እዚህ ከተማ ዝናብ የሚያጥበው ነገር መጨረሻው ሐይቁ ነው፣ ከሐይቁ ደግሞ ዓሣ እንበላለን። አታቃጥሉትም፣ ጭሱ ለሳንባ አይሆንም።

[ምስል፦ ፓራውልቱ ተመልሶ ታስሯል፣ የፊት ቀኙ ጎማ ድንጋይ ላይ ወጥቷል]

ገና አልጨረስንም። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ አልነካም ማለት በቂ አይደለም። አንዱን የፊት ጎማ ቀስ ብላችሁ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አውጡ፣ ሞላው ይጨመቅ፣ ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ፣ እስከ መጨረሻው ቀኝ። አንድ ሰው ውጭ ቆሞ ይይ። ወደ ኋላ እየሄዳችሁም ሞክሩ፣ ያኔ ሌላኛው ጠርዝ ሊነካ ይችላል። ከነካ ሌላ አምስት ሚሊ ቁረጡ፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

የኛ በግራ በኩል አልነካም፣ በቀኝ ግን ትንሽ ይዞ ነበርና ፈትቼ በሊማ ጨመርኩበት። አሁን ስሙት።

[ድምፅ፦ መሪ ሲጠመዘዝ፣ ሞተር ብቻ]