ወንዙ ምን አጠፋ?

እንደምን ናችሁ። ዛሬም የመግቢያ ሙዚቃ የለም። ላፕቶፑ ገና አልተሠራም። ቆርቆሮው ላይ የሚንጫጫው ዝናብ ነው። ሚያዝያ ነው፣ ጅማ ነው፣ ይቅርታ አልጠይቅም።

ጋምቤላ ደርሼ መጣሁ። ስለ ሙቀቱ እንዳወራ እየጠበቃችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ጃንጥላዬን ይዤ ነበር። አዎ፣ ያቺኑ ሁሌ የምትስቁባትን። በቃ፣ ሳቁና ጨርሱ።

ማውራት የፈለግኩት ስለ አንድ ሽማግሌ ነው።

ባሮ ወንዝ ዳር፣ ማንጎ ሥር ተቀምጠናል። ውሃው ጎድሏል፣ ልጆች እየዋኙ ነው። ከተማው ድሮ ከማውቀው ጋር አይገናኝም። ባጃጅ፣ ፎቅ፣ የእርዳታ ድርጅት መኪና። በ2006 ደቡብ ሱዳን ከተበጠበጠች ወዲህ የገባው ስደተኛ ብዙ ነው፣ ገበያው ላይም ይታያል። ሽማግሌው ግን ስለዚህ ምንም አላሉም።

«ከየት መጣህ ልጄ?»

«ከጅማ።»

«ጅማ ዕቃ በምን ይገባል?»

«በመኪና።»

«መኪናው ከየት ይጭናል?»

«ከአዲስ አበባ። አዲስ አበባ ደግሞ ከጅቡቲ ይመጣላታል።»

ዝም አሉ። ከዚያ ወንዙን በአገጫቸው አሳዩኝና፣ «ታዲያ ይሄ ምን አጠፋ?» አሉኝ።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም!»

ሳቁብኝ። «አንተ ነህ መቼ አልኩ? ምን አጠፋ ነው ያልኩህ።»

አነጋገራቸውን ብትሰሙት! ቁጣ የለበትም። የጎረቤት ልጅ ተገርፎ ሲያለቅስ ግቢው በር ላይ ቆሞ እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያሉት። ምን አጠፋ? ሌሊቱን ሙሉ መልስ ስፈልግ አደርኩ። እርግጥ ሙቀቱም አላስተኛኝም።

አባታቸው እዚያው ጫኝ ነበሩ። ቡናው ከጎሬ በበቅሎ ይወርዳል። ክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ይመጣል። ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፣ ቡና ጭኖ ይመለሳል። ምኒልክ በ1894 ከእንግሊዝ ጋር ተዋውለው ነው ጋምቤላ ላይ ለእንግሊዞች የንግድ ጣቢያ የተፈቀደው። ወደ እኛ የተመለሰው ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ ነው፣ 1948 ላይ ነፃ ወጣች አይደል? መርከብ የሚያስገባ ወንዛችን ባሮ ነው ብለን ተምረናል። ለፈተና ሸመደድን፣ ተፈተንን፣ ረሳነው።

ስንወርድ ደግሞ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ከበደሌ ጀምሮ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ፊታችን ነበር። አያሳልፍም! ሹፌራችን ከመቱ እስከ ጎሬ ሲራገም ነው የመጣው። ጋምቤላ ገብቼ ጀበና ቡና አዘዝኩ። ልጅቷን ቡናው ከየት ነው ስላት፣ ከመቱ አለችኝ። ቡናው እኮ ዛሬም በዚያው በኩል ይወርዳል። አሁን ግን እዚያው ተፈልቶ ይቀራል።

ጅማም ብትሆን ነጋዴ የሠራት ከተማ ናት። ሂርማታ ገበያ፣ አባ ጅፋር... ይሄን እንኳ ተዉት፣ አሁን ከጀመርኩ አላቆምም።

የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ከ1985 ወዲህ ወደብ የለንም እያልን ነው። ካፌ ውስጥ ወደብ፣ ቲክቶክ ላይ ወደብ፣ ታክሲ ውስጥ ቀይ ባሕር። ባሮን የሚያነሳ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እኔስ? አውቶቡስ ስሳፈር ወደብ ወደነበረ ከተማ እየሄድኩ እንደሆነ ትዝ አላለኝም። ስለ ላብ ነበር የማስበው።

መልስ የለም ማለቴ አይደለም። ወንዙ በበጋ ይጎድላል፣ መርከብ የሚያስገባው በክረምት ነው። ከታች በኩል በሶባት ወንዝ አድርጎ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል፣ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ማላካል አጠገብ። እዚያ ያለውን ጦርነት ታውቁታላችሁ። ማን ጀልባ ይልካል? አስፋልቱም ወደ አዲስ አበባ ነው የሚስበን። ይሄን ሁሉ ልነግራቸው እችል ነበር። ግን እሳቸው ይሄን ሳያውቁ ነው የጠየቁኝ? አይመስለኝም። ምናልባት እየቀለዱብኝ ነበር። ወይም... አይ፣ ቀልድ አልነበረም። ግማሹ ቀልድ ነበር።

ስንለያይ «በክረምት ና፣ ያኔ ታየዋለህ» አሉኝ። ምኑን እንደማይ ግን አልነገሩኝም። ውሃውን ይሆናል። እሄድ ይሆናል እኔም። እህቴ ደግሞ ከጎሬ በኋላ ያለውን ቁልቁለት በክረምት ዝናብ አትሞክረው ትላለች፣ እሷ መቼም... እስቲ ሐምሌ ይድረስ፣ ብር ከተገኘ፣ ያ ላፕቶፕ ደግሞ ከተሠራ...