ስርዝ ድልዝ የሌለበት ደብተር

አቅራቢ ሀ፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን። የዛሬው ርዕሳችን አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው የከለከለችበት ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ግን ባለፈው ሳምንት እኅቴ ቤት ያየሁትን ላንሣ፤ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

አቅራቢ ለ፦ የአሥረኛ ክፍሏ ልጅ ነገር ነው?

አቅራቢ ሀ፦ አዎን። የሒሳብ ደብተሯን ስገልጥ ስርዝ ድልዝ የሚባል የለበትም። የእኛ ደብተር በላጲስ ብዛት ይቀደድ እንደ ነበር ታስታውሺያለሽ። ለካ ጥያቄውን በስልኳ ፎቶ አንሥታ የክፍል ጓደኞቿ ወዳሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ትልካለች፤ አንዱ ሠርቶ ይልክላታል፤ እሷም ትገለብጠዋለች። ያንኑ ጥያቄ ቁጥሩን ብቻ ለውጬ ብሰጣት እርሳሷን እንደ ያዘች ዝም አለች። ልጅ ሒሳብን የሚማረው የተሳሳተበትን መስመር ራሱ ፈልጎ ሲያገኘው ነው፤ ግሩፑ የወሰደባት ይህንን ነው።

አቅራቢ ለ፦ ኩረጃ እኮ በቴሌግራም አልተጀመረም፤ እኛም ከሰልፍ በፊት ከጓደኛ ደብተር እንገለብጥ ነበር። ደግሞም የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ለሁሉም ሳይዳረሱ በቆዩ ጊዜ ስንቱ ተማሪ ከዚያው ከቴሌግራም በፒዲኤፍ አውርዶ አንብቧል።

አቅራቢ ሀ፦ እሱን አልክድም። ይሁን እንጂ ለቤት ሥራ የተከፈተው ስልክ በዚያው ወደ ቲክቶክ ያልፍና እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ይዟት ይቆያል፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ደግሞ ትነሣለች። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንደሚያስፈልግ ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ያልተኛ ልጅ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥም አይሰማም።

አቅራቢ ለ፦ ታዲያ በሕግ ይከልከል ትላለህ? በ2008 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ከተሰረዘ በኋላ፣ ድጋሚው ሲሰጥ ፌስቡክና መሰሎቹ ተዘግተው ነበር። መዝጋት ለፈተናው ሳምንት ይረዳ ይሆናል እንጂ የዓመት ጥናትን አይተካም።

አቅራቢ ሀ፦ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የአውስትራሊያው ሕግ የሚቀጣው ልጁን ወይም ወላጁን ሳይሆን ኩባንያዎቹን በመሆኑ እወደዋለሁ። ሆኖም የመልእክት መላላኪያዎችን ስለማይመለከት የእኅቴን ልጅ ዓይነት ግሩፕ አይነካም፤ ስለዚህ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ስልኩ ሳሎን እንዲያድር ከእኅቴ ጋር ተስማምተናል።

አቅራቢ ለ፦ ከግሩፑ ግን አታስወጧት። መጀመሪያ ራሷ ትሞክር፤ የሠራችውን ትላክና የት ላይ እንደ ሳተች ትጠይቅ።

አቅራቢ ሀ፦ ይህን እቀበላለሁ፤ የሌሊቱን ነገር ግን አልለቅም።