60 ተማሪ፣ 20 ኮምፒውተር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የስልክ ሰዓታችን ስለ አንደኛ ደረጃ ኮምፒውተር ላብ ተነጋግረናል። ልጆችን ባለን ዕቃ፣ በቀላሉ እንዴት እናስተምር? ጥያቄዎቹን የመለሱልን ለዓመታት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አይሲቲ (የኮምፒውተርና የመረጃ ቴክኖሎጂ ትምህርት) ያስተማሩ፣ አሁን ደግሞ መምህራንን የሚያሠለጥኑ ባለሙያ ናቸው። ውይይቱን በጥቂቱ አሳጥረን አቅርበነዋል።

ከደብረ ብርሃን የደወሉ መምህርት፦ «ጤና ይስጥልኝ። 4ኛ ክፍል አስተምራለሁ። 60 ተማሪ አለኝ፤ የሚሠራው ኮምፒውተር ግን 20 ነው። ሦስት ሦስት አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ። አንዱ ማውሱን ይይዛል፣ ሁለቱ ቁጭ ብለው ያያሉ። ምን ይሻለኛል?»

ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ሦስት ሦስት ማስቀመጥዎ ትክክል ነው። የጎደለው የሥራ ክፍፍል ነው። ልክ እንደ ታክሲ አንዱ ሹፌር፣ አንዱ ረዳት ይሁን። ሹፌሩ ማውስና ኪቦርዱን ይይዛል፤ በራሱ ግን አይወስንም። ረዳቱ በአፉ ብቻ ይመራል። «ወደ ላይ፣ እዚያች ቀይዋ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርጊ» ይላል፤ እጁ ማውሱን አይነካም። ሦስተኛው ልጅ ደብተር ይዞ ያደረጉትን በቅደም ተከተል ይጽፋል።

በየ8 ደቂቃው ቦታ ይቀያየሩ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ከሆነ 5ቱን እርስዎ ያሳዩበታል። በ24 ደቂቃ ሦስቱም ይዳረሳሉ። የቀረው ሥራቸውን ለማሳየትና ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል። ሰዓቱን እርስዎ ይያዙ፤ ሲደርስ ያጨብጭቡ። ለልጆቹ ከተዉት ማውሱ ጉልበተኛው እጅ ላይ ይቀራል። ብዙ ላብ ውስጥ ወንዶቹ ሲነዱ ሴቶቹ ጸሐፊ ብቻ ሆነው ሲቀሩ አይቻለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሹፌር እርስዎ ይምረጡ። ከኋላ የተቀመጠችውን ዝምተኛ ልጅ ያስቀድሟት።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ሲቸገር ማውሱን አይቀበሉት። እርስዎ በሁለት ሴኮንድ ይጨርሱታል፤ ልጁ ግን የተማረው ነገር አይኖርም። እንደ ረዳቱ በአፍዎ ይምሩት። ጊዜ ይወስዳል፣ ትዕግሥትም ይጠይቃል። ግን ሥራው በልጁ እጅ ማለቅ አለበት።

ከባሕር ዳር የደወሉ የአይሲቲ መምህር፦ «ኢንፑት፣ አውትፑት፣ ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ሁሉንም አስተምሬያለሁ። ፈተና ላይ ጎበዞች ናቸው። ላብ ሲገቡ ግን አንድ ፋይል ሴቭ ማድረግ ያቅታቸዋል። ችግሩ የት ነው?»

ችግሩ እርስዎ ጋ ብቻ አይደለም። ትምህርቱን የምንጀምረው ከትርጉም ነው። ሰሌዳ ላይ «ኮምፒውተር ማለት...» ብለን እናስገለብጣለን። የ9 ዓመት ልጅ ግን ሲፒዩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ የትም አያየውም። የሚያየው ስክሪኑንና እጁ ላይ ያለውን ማውስ ነው። ከዚያ ይጀምሩ።

የእኔ ደንብ አንድ ነው፦ ልጁ ከላብ ሲወጣ «ይሄን ሠራሁ» የሚለው ነገር ይኑረው። መጀመሪያ ፔይንት የሚባለውን የሥዕል ፕሮግራም ይክፈቱላቸው፤ ቤት ይሣሉ፣ ቀለም ይቀቡ። ማውስ መያዝ፣ መጎተት፣ መልቀቅ በዚያ ይለመዳል። የካርታ ጨዋታም ቢሆን አይናቁት። ሶሊቴር እ.ኤ.አ. በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር መጥቶ ስንቱን አዋቂ ማውስ አስለምዷል።

ሴቭ ማድረግ ላይ ግን ቆም ይበሉ። ለልጅ ከባዱ ነገር እሱ ነው፤ ምክንያቱም ፋይሉ የት እንደሄደ አይታየውም። ለየክፍሉ አንድ ፎልደር ያዘጋጁ። ልጁ የሣለውን በራሱ ስም ሴቭ ያድርግ። ከዚያ ፕሮግራሙን ዘግቶ፣ ፎልደሩን ከፍቶ፣ ፋይሉን ራሱ ያግኘው። በሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያ ሥራው ያንኑ ሥዕል መክፈትና አንድ ነገር መጨመር ይሁን፤ ለምሳሌ ዛፍ ወይም ፀሐይ። ሥዕሉን ያጣ ልጅ ሲያዝን ያዩታል። ከዚያ ወዲህ ሴቭ ማድረግን አይረሳም። ፋይልና ፎልደር የሚሉትን ቃላት ያኔ ያስተምሯቸው። ሲፈልጉት የመጣ ቃል ጭንቅላት ውስጥ ይቀመጣል።

ከሥዕል ወደ ጽሑፍ ይሂዱ። ለአያት የሚላክ አጭር ደብዳቤ፣ የክፍሉ ደንብ፣ የበዓል ካርድ ይጻፉ። 5ኛና 6ኛ ክፍሎች ኤክሴል የሚባለውን የሠንጠረዥ ፕሮግራም ይንኩ። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ከክፍል የቀሩትን ልጆች ቁጥር ይመዝግቡና ቻርት ይሥሩበት። ቁጥሩ የራሳቸው ስለሆነ «ሰኞ ለምን በዛ?» ብለው ራሳቸው ይከራከራሉ። የሒሳብ መምህሩም ደስ ይለዋል።

ከሐዋሳ የደወሉ ርዕሰ መምህር፦ «ኢንተርኔት የለንም። ማሽኖቹ አሮጌ ናቸው፣ ዊንዶውስ 7 ነው ያላቸው። በዚህ ምን ማስተማር ይቻላል?»

ብዙ ነገር። እስካሁን የጠቀስኩት ሁሉ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው። ከከተማ አንድ ጊዜ በፍላሽ አውርደው የሚጭኗቸው ነፃ ፕሮግራሞችም አሉ። ጂኮምፕሪ ከ2 እስከ 10 ዓመት ለሆኑ ልጆች የተሠራ ነው፤ የማውስ፣ የኪቦርድና የሒሳብ ጨዋታዎች አሉት። ለሥዕል ደግሞ ተክስ ፔይንት የሚባል አለ።

ፕሮግራም መጻፍ ለማስጀመር ስክራችን እመክራለሁ። አሜሪካ ያለው የኤምአይቲ ሚዲያ ላብ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ያቀረበው ነው፤ በዋናነት የታሰበውም ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ልጁ ትእዛዝ በጽሑፍ አይጽፍም፤ ባለቀለም ብሎኮችን እየጎተተ ያገጣጥማል። «10 እርምጃ ሂድ»፣ «ዙር»፣ «ድገም» እያለ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ድመት ያስኬዳታል። አዲሱ ስክራች ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየር ይፈቅዳል። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ልጆች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። አዲሱ ስክራች ግን ዊንዶውስ 10ና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ለእርስዎ ማሽኖች ስክራች 1.4 የሚባለው የቀድሞው ይሻላል።

ስለ ዊንዶውስ 7 ግን እውነቱን ልንገርዎ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያውን አቁሞለታል። ላቡ ኢንተርኔት ባይኖረውም ቫይረስ በፍላሽ ይገባል። የልጅም የመምህርም ፍላሽ ቀጥታ አይሰካ፤ አንድ ኮምፒውተር ለፍላሽ መፈተሻ ይለዩ። የሚያግዝ ባለሙያ ካገኙ አንዱ ማሽን ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሉቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሥርዓት አስጭነው ይሞክሩት። ነፃ ነው፤ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮችም ላይ ቀለል ብሎ ይሠራል። አንዱ ላይ አይተው ሲረኩ ወደ ሌሎቹ ይለፉ።

ከአዲስ አበባ፣ ከኮልፌ የደወለች የ5ኛ ክፍል ተማሪ፦ «እኛ ቤት ኮምፒውተር የለም። ቶሎ ቶሎ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። እንዴት ልለማመድ?»

ጎበዝ! ስለደወልሽ ደስ ብሎኛል። መምህርሽን ኪቦርድ ፎቶ ኮፒ አድርገው እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ወይም ራስሽ ካርቶን ላይ ሥዪው፤ ስትሥዪው ግማሹን ትይዥዋለሽ። የግራ እጅሽን አራት ጣቶች ኤ፣ ኤስ፣ ዲ፣ ኤፍ ላይ አሳርፊ። የቀኝ እጅሽ ጄ፣ ኬ፣ ኤል እና ከጎኑ ያለው ምልክት ላይ ይረፍ። አውራ ጣቶችሽ ስፔሱን ይጫኑ። ላብ ስትገቢ ደግሞ ኤፍና ጄን ዳሰስ አድርጊያቸው። ትንሽ ወጣ ያለ መስመር አላቸው። ያ የተደረገው ሳታዪ ቦታሽን እንድታገኚ ነው። ቤት ውስጥ በየቀኑ 10 ደቂቃ ካርቶኑ ላይ ተለማመጂ። ፍጥነቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ትክክለኛውን ጣት ልመጂ።

አማርኛው ከምታስቢው በላይ ቀላል ነው። ፊደል ገበታን ታውቂያለሽ አይደል? ብዙዎቹ የአማርኛ ኪቦርዶች እሱኑ ይከተላሉ። ኤስን (S) ስትነኪ «ስ» ይመጣል። ኢን (E) ብትጨምሪ «ሰ» ይሆናል። በዩ (U) «ሱ»፣ በአይ (I) «ሲ»፣ በኤ (A) «ሳ»፣ በኦ (O) «ሶ» ይወጣል። «ሴ» ከሶፍትዌር ሶፍትዌር ይለያያል፤ መምህርሽ ያሳዩሽ። «ጠ»ን የመሳሰሉት ብዙ ጊዜ ሺፍት ይፈልጋሉ። አንድ የፊደል ቤት ከገባሽ የሌላውም እንደዚያው ነው።

ለመምህራን በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ላንሳ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ አሠራር ስለነበረው በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ላባችሁ ውስጥ የዚያ ዘመን ፎንት ካለ ልጆቹን በእሱ አታስጀምሯቸው። ዩኒኮድ የሆነውን አስለምዷቸው፤ የጻፉት ስልክ ላይም ይነበባል።

ከደሴ የደወሉ መምህር፦ «የላብ ቀን ሲደርስ መብራት ይሄዳል። ልጆቹን ይዤ ወደ ክፍል መመለስ ሰለቸኝ።»

አይመለሱ። ያለ ኮምፒውተር የሚሰጥ የኮምፒውተር ትምህርት አለ፤ በጣም የምወደውም እሱን ነው። ኒውዚላንድ ያለው የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ የሚሆኑ ጨዋታዎችን አዘጋጅቷል። የሚያስፈልገው ወረቀትና እስክሪብቶ ነው።

5 ወረቀት ይውሰዱ። በመጀመሪያው ላይ 16፣ በቀሪዎቹ ላይ በየተራ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ነጥብ ይሥሩባቸው። 5 ልጆች ወረቀቱን ይዘው በዚሁ ቅደም ተከተል ፊት ለፊት ይቁሙ። ወረቀቱ ከተገለጠ በርቷል፣ ከተገለበጠ ጠፍቷል ማለት ነው። «13ን አሳዩኝ» ይበሉ። 8፣ 4 እና 1 የያዙት ይገልጣሉ፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። በ5 ወረቀት ከ0 እስከ 31 ያለውን ቁጥር ሁሉ መሥራት ይቻላል። የእኛ ወር ደግሞ 30 ቀን ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ የልደት ቀኑን ማውጣት ይችላል። ያኔ ክፍሉ ይጯጯሃል፤ ይጯጯህ! ኮምፒውተር ሁሉንም ነገር በማብራትና በማጥፋት እንደሚይዝ የገባቸው በዚህ ነው።

ሌላ ቀን አንድ ልጅ ሮቦት ይሁን። ሌሎቹ በትእዛዝ ብቻ ከበሩ እስከ ሰሌዳው ይምሩት። «ሂድ» ካሉት ሳይቆም ይሄዳል። «3 እርምጃ ሂድ፣ ወደ ግራ ዙር» ማለት እንዳለባቸው ራሳቸው ይደርሱበታል። ይህን የተጫወተ ልጅ ስክራች ሲከፈትለት አይደናገርም።

መብራት ሲሄድ ልጆቹ ማብሪያ ማጥፊያውን ሁሉ ያጥፉ። ሲመለስ በኃይል የሚመጣበት ጊዜ አለና ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ያብሩ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ካላችሁም ሥራ ለማስቀጠል አይደለም፤ ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ነው። ሴቭ የሚያደርገውን ኮንትሮል ኤስን በየጥቂት ደቂቃው መንካት ልማዳቸው ይሁን።

ከአዳማ የደወሉ እናት፦ «የ8 ዓመት ልጄ ስልክ ላይ ከእኔ ይበልጣል። ላብ ገብቶ የሚማረው ምን ቀረው?»

ብዙ ቀርቶታል እናቴ። ስልክ ላይ የሚያደርገው በአብዛኛው የሌላ ሰው ሥራ ማየት ነው። ላብ ውስጥ ራሱ ይጽፋል፣ ይሥላል፣ ያዛል። ቲክቶክና ፌስቡክ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አካውንት እንደማይፈቅዱም ይወቁ። ለልጅዎ ሁለት ነገር ይንገሩት። ፓስወርዱን ለጓደኛው አይስጥ። የሚያስፈራው ወይም የሚያሳፍረው ነገር ስክሪን ላይ ከመጣ ወዲያው ለእርስዎ ይንገር። ሲነግርዎት ደግሞ አይቆጡት፤ ከተቆጡት ሁለተኛ አይነግርዎትም።

ከጎንደር የደወሉ መምህር፦ «የእኛ ላብ ይቆለፋል። ‹ልጆች ያበላሹታል› ይባላል። እንዴት ላሳምን?»

ይህ ያሳዝነኛል። ተቆልፎ የከረመ ኮምፒውተርም ይበላሻል፤ አቧራ ይገባዋል፣ የማዘርቦርዱ ባትሪ ይሞታል። ርዕሰ መምህሩ የሚፈሩት ግን ተጠያቂነቱን ነው። ስለዚህ ለሚፈሩት ነገር መልስ ይዘው ይግቡ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ቁጥር ይኑረው። ተማሪው ሁልጊዜ አንዱ ቁጥር ላይ ይቀመጥ፣ ሲገባና ሲወጣ ይፈርም። ውኃና ምግብ በር ላይ ይቅር። ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ልጅ መርጠው አቧራ መጥረግና ጨርቅ ማልበስ ያስተምሯቸው። በአንድ ክፍል ይጀምሩና ከወር በኋላ ፊርማውን ይዘው ይመለሱ።

የሞተ ኮምፒውተር ካለ አይጣል። ከሶኬት ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ልጆቹ ክዳኑን ከፍተው ሜሞሪውን፣ ሃርድ ዲስኩን፣ ማራገቢያውን በእጃቸው ይንኩ። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥንና ወፍራሙን የድሮ ሞኒተር ግን ማንም አይክፈት። ከሶኬት ከተነቀሉም በኋላ ውስጣቸው አደገኛ ኤሌክትሪክ ይቆያል።